ለፊሊፒኑ ተዋናይ ያጠቆርኳት ክብ

ሮማ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ፊሊፒኖ ሆኜ ነው። ፊሊፒንስን ካርታ ላይ አሳየን ብትሉኝ ጣቴ ባሕር ውስጥ ይገባል። ግን እዚህ ከተማ መጥረጊያ የያዘ፣ የሰው ውሻ የሚያናፍስ፣ የሽማግሌ ክንድ ደግፎ መንገድ የሚያሻግር ሁሉ፣ እናቱ ደብረ ታቦር ትውለደው ማኒላ፣ ስሙ ፊሊፒኖ ነው። የሕንፃችን ሲኞራዎች "ቆይ ፊሊፒኗችንን ልጠይቀው" ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ሰሞን "ኢትዮጵያዊ ነኝ" እያልኩ አርም ነበር። "አዎ አዎ፣ ደስ የሚል አገር" ይሉኛል፤ በማግስቱ ተመልሼ ፊሊፒኖ ነኝ። ከዚያ ተውኩት። ይህን ያነሳሁት ለማልቀስ አይደለም። ኋላ በፊሊፒንስ ምርጫ ውስጥ እጄን ማስገባቴን ስነግራችሁ፣ ቢያንስ የምሠራበት ሰፈር፣ ፓሪዮሊ በሙሉ ዜግነቴን እንዲመሰክርልኝ ነው።

ሥራዬ ፖርቲዬሬ ነው። ዘበኛ ብለው ያንሳል፣ የሕንፃ ኃላፊ ብለው ይበዛል። በሩ አጠገብ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ የሚገባ የሚወጣውን አያለሁ፣ ደረጃ እወለውላለሁ፣ አምፖል እቀይራለሁ፣ ፖስታ እደረድራለሁ። ከዚህ ሁሉ የምኮራው በፖስታው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነዋ። ለምን በልጅነትህ አልተማርክም የሚሉኝ አሉ፤ እሱን ያላስተማሩኝን ጠይቋቸው እላለሁ። የጣሊያኑን ፊደል ያስቆጠሩኝ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ናቸው፤ አናኚና አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር አግዳሚ ላይ አስቀምጠው። የአማርኛውን ደግሞ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ዲያቆን። እውነተኛው መጽሐፌ ግን የዚህ ሕንፃ ሃያ ሁለት የፖስታ ሳጥን ነው። ያን ጊዜ እዚሁ ደረጃ ጠራጊ ነበርኩ። በምድር ቤቱ የተማርኳትን ፊደል ጠዋት የሳጥኖቹን ናስ እየወለወልኩ እፈልጋታለሁ። አንድ ቀን አራተኛው ሳጥን ድንገት ሰው ሆነ፤ የጥርስ ሐኪሙ ስም ነው ለካ። ደስታዬ ብዙም አልቆየ። ቀጥሎ ያነበብኩት ከሥሩ የተለጠፈውን "ጽዳት ሠራተኞች በአሳንሰሩ አይጠቀሙ" የሚለውን ነው። ለሦስት ዓመት በአሳንሰሩ ስጠቀም ኖሬ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ እውነተኛዋ ፊሊፒናዊት ትኖር ነበር። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ የሲኞራዋን ሁለት ልጆች ከጡጦ እስከ ዩኒቨርሲቲ አድርሳለች። የራሷን ሴት ልጅ በሦስት ዓመቷ ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህትን አቴ ይላሉ፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። እኔም አቴ ነበር የምላት። የምንነጋገረው በጣሊያንኛ ነው። ሁለታችንም እንሰባብረዋለን፤ የምንሰብረው የተለያየ ቦታ ስለሆነ ተባብረን አንድ ሙሉ እንሠራለን። እርስዎ፣ አንቱ የሚባለውን የጣሊያን ሥርዓት ለባለቤቶቹ ትተን አንተ፣ አንቺ እንባባላለን። ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ መስታወቴን በቀለበቷ ታንኳኳለች፣ ከሲኞራዋ የተረፈ ኬክ ካለ ታቀብለኛለች፣ ሲኞራዋን ትንሽ ታማልኛለች፣ ትወጣለች። እዚህ ከተማ ውስጥ ዘመድ ያልኩት ያንን ነው፤ አምስት ደቂቃ ሐሜትና የትናንት ኬክ።

ያን ዓመት ሁለት ነገር ይዟት ነበር። አንደኛው የዓይን ሞራ ነው፤ ግራዋ ጨርሶ ደፍርሷል፣ ቀኟ እየተከተለ ነው። በሐምሌ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው፤ የሆስፒታሉ ወረፋ ደግሞ ከሐምሌ ያልፋል። ሁለተኛው በሽታዋ ተዋናዩ ነው።

ተዋናዩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሐበሻ ሮማ ውስጥ የለም፤ በግድ ነው የማውቀው። ስልኳን መስታወቴ ላይ አስደግፋ ታሳየኝ ነበር። በስድስት ጥይት አርባ ሰው ይገድላል። ከሄሊኮፕተር ወድቆ ይነሳና ሱሪውን ያራግፋል። ፀጉሩ ንቅንቅ አይልም። እሷ ግን የወደደችው ለጥይቱ አልነበረም። አንድ ፊልም ላይ እናቱ ለሥራ ባሕር ማዶ የሄደችበት ልጅ ሆኖ ይሠራል። እናትየው ከስንት ዓመት በኋላ ስትመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አያውቃትም፤ አልፏት ይሄዳል። ከዚያ ይቆምና በጠረኗ ያውቃታል። ይህችን ቦታ ስንት ሐሙስ እንዳየቻት እንጃ። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ሁሉ እረፍት ነው፤ የሮማ አደባባዮች በሐሙስ የእኛና የእነሱ ናቸው። እሷ ግን አደባባዩን ትታ እኔ መስታወት ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

"የእኔም ልጅ አላወቀችኝም ነበር" አለችኝ አንድ ቀን። "አልፋኝ ሄደች። እሷ ግን አልተመለሰችም፤ እኔ ነኝ የተከተልኳት።"

ከዚያ ወዲህ በዚያች ቦታ ላይ ቀልጄ አላውቅም። በቀረው ግን እግዜር ይይልኝ፣ አላበዛሁም አልልም።

ይኸው ሰው ፀጉሩ ሳሳ፣ ሆዱ ወጣ፣ ፊልም የሚሰጠው ጠፋ። ያኔ ሕዝቡ ትዝ አለው። ለሴናተርነት እወዳደራለሁ አለ። ከባሕር ማዶ ለሚመለሱ እናቶች ሆስፒታል አሠራለሁ አለ፤ ዓይን የሚታይበት፣ ጉልበት የሚታሽበት፣ ወረፋ የሌለበት። ይህን የሰማች ቀን አቴ ቆሻሻውን እንደያዘች መጣች።

"ሰውዬው ስለ ሕግ ምን ያውቃል?" አልኳት።

"ያንተ አገር ሕግ የሚያውቁት ምን ሠሩልህ?" አለችኝ።

አምፖል ልቀይር ሄድኩ።

ሌላ ቀን ረጋ ብላ ነገረችኝ። በሕይወቷ መርጣ አታውቅም። አገሯ ሳለች ለምዝገባ ከተማ የሚወስድ ጊዜ አልነበራትም፤ እዚህ ደግሞ ለብዙ ዓመት ወረቀት አልነበራትም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ኤምባሲ በር ላይ ብዙ አይታይም። አሁን ሦስት ሐሙስ ተሰልፋ ተመዘገበች። የድምፅ መስጫው በፖስታ ቤቷ ድረስ ይመጣል፤ ሞልታ እስከ ቀኑ ትመልሳለች። "አሎራ፣ ሰውዬውን ተወው" አለችኝ። "እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ወረቀት ስሞላ፣ ማነሽ፣ የማን ነሽ፣ እስከ መቼ ነሽ ነው የሚለኝ። ምን ትፈልጊያለሽ የሚለኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።" አንድ ችግር ግን አለ። የቤት ሠራተኛ ስም ሳጥን ላይ አይጻፍም። ደብዳቤዋ የሚመጣው በሲኞራዋ ስም ሥር ነው፤ ሲኞራዋ ደግሞ ያላዘዘችውን ወረቀት ሁሉ ሳታይ ትጥላለች። ስለዚህ አደራ አለችኝ፤ ፖስታውን ነጥለህ በእጄ ስጠኝ። እኔም ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩ። አደራውን የሰጠችኝ ማንበብ ስለምችል ነው። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ተዋናዩ ራሱ ሮማ መጣ፤ ሊቀሰቅስ። አንድ ነገር ላመስግነው፤ ሐሙስ ከሰዓት ነው የመጣው። የእኛዎቹ ባለሥልጣኖች ሲመጡ ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ጠርተው ሕዝቡ ቀረ ብለው ይቆጣሉ። አቴ ከሁለት ቀን በፊት ወርዳ የፊሊፒኖች የአቀባበል ኮሚቴ በር የሚይዝለት ረጅም ሰው ይፈልጋል፣ አንተ ና አለችኝ። ለበር ሥራ ፊሊፒኖ ተትቶ ሐበሻ ሲፈለግ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ስደርስ ጥቁር መነጽር ሰጡኝ፤ ጆሮ ላይ የሚሰካ ነገርም ሰጡኝ። ሽቦው ኮቴ ውስጥ ገብቶ ያልቃል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ምን እሰማበታለሁ ብዬ ብጠይቅ የኮሚቴው ሰው "መስማት አይጠበቅብህም" አለኝ። ፖለቲካ እንዲህ ባጭሩ የተብራራልኝ ያን ቀን ነው።

ሰውዬው ገባ። በፊልም ከማየው አጠር ይላል፤ ፊቱ ላይ ፓውደር ተነስንሷል። ስለ ሕግ ያወራል ብዬ ስጠብቅ ዘፈነ። ሦስት ዘፈን ዘፈነ፣ ጨፈረ፣ ከፊት ረድፍ አንዷን አስነስቶ አስጨፈረ። ከዚያ ሆስፒታሉን ጠራና አለቀሰ። እንባው የወረደው በቀኝ ዓይኑ ብቻ ነው፤ ካሜራው ባለበት በኩል። አራት መቶ ሴት አብራ አለቀሰች፤ እነሱ በሁለቱም ዓይናቸው ነው። እኔ መነጽሬን አስተካክዬ ቆሜያለሁ።

በእነሱ ወግ ታናሽ ታላቁን ሲያገኝ እጁን ይይዝና ጎንበስ ብሎ የእጁን ጀርባ ግንባሩ ላይ ያስነካል። ምርቃት መቀበል ነው። ተዋናዩ ከመድረክ ወርዶ አሮጊቶቹን አንድ በአንድ እንዲያ እያደረገ መጣ። አቴ ጋ ደረሰ። የዘወትር ሹራቧን አውልቃ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ እጇን ዘርግታ ቆማለች። እጇን ግንባሩ ላይ አደረገ፤ ቀጥሎ ወዳለችው ሲያልፍ ካሜራ የያዘው ልጅ አንድ ነገር ተናገረ። አልያዘውም ማለት ነው። ተዋናዩ ተመለሰ፣ የመጀመሪያው እንዳልነበር ሆኖ ፊቱን አዘጋጀ፣ እጇን እንደገና አንስቶ እንደገና ተመረቀ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ በሁለት ጣቷ አሳየችኝ፤ ሁለቴ። ለእኔ ሁለቴ።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው ሲወጣ ነው። በሩን ይዣለሁ። ሰውዬው ሸበቶዬን አየ፤ ካሜራውም ከኋላው አለ። ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘ።

እዚህ ላይ ሐበሻ የሆነ ፍረዱኝ። ሰው ጎንበስ ብሎ እጅህን ወይም ጉልበትህን ሊስም ሲል ዝም ብለህ የምትሰጠው ባለጌ ከሆንክ ብቻ ነው። "ኧረ በሥላሴ፣ አይገባም" ብለህ ትነጥቀዋለህ፤ እሱ ይታገላል፣ አንተ ትታገላለህ፣ ቀና ታደርገዋለህ። እኔም በጨዋ ደንብ እጄን ነጠቅኩ፤ በሌላው እጄ ደረቱን ይዤ ቀና አደረግሁት። እሱ ደግሞ ሰውነቱን አስቀድሞ ጥሎ ነበርና ተንገዳገደ፤ ግንባሩ መዳፌ ላይ አረፈ። ፓውደሩ እጄ ላይ ቀረ። ለካ በእነሱ ዘንድ የተጠየቀን እጅ መንጠቅ ምርቃት መንፈግ ነው፤ መርገም ነው። ለአገሩ ሕዝብ የቆመን ዕጩ፣ በአራት መቶ እናቶች ፊት፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው ገፍትሮ ረገመው። ካሜራው በዚህኛው አልሳተም።

ከአቴ ጋር አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ አብረን ሄድን። ላስረዳት ሞከርኩ። የሐበሻን ትሕትና ለፊሊፒን ሰው በተሰባበረ ጣሊያንኛ ማስረዳት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቃል። "አክብሬው ነው የገፋሁት" ነው የሚመጣልህ። አውቶቡሱ ሲመጣ አንዲት ነገር አለችኝ።

"እጅህን ብትሰጠው ምን ይጎድልብህ ነበር?"

ከዚያ በኋላ መስታወቴ አልተንኳኳም። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ይህን ሰው ማን አመጣው ሲባል እሷ ናት። በየበዓላቸው የሚበላውን ረጅም ፓስታ የመሰለ ነገር ለማኅበሩ የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ለፋሲካ ሌላ ሴት ሠራች። ይህን የሰማሁት አምስተኛ ፎቅ ከምትሠራ፣ ማኅበራቸውን ከምታውቅ ልጅ ነው። አቴ ቆሻሻዋን ይዛ ታልፋለች፤ እኔ ጋ ስትደርስ የደፈረሰውን ዓይኗን ነው የምታዞርብኝ። ኬክም ቀረ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ለአንድ ጨፋሪ ብላ! ስንት ዓመት መስታወት ሥር ያስቀመጥኳት ሰው፣ ምርቃትን ለካሜራ ለሚደግም ሰው ብላ!

ፖስታው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ወፍራም ነው፤ የኤምባሲው ማኅተም አለበት፤ ስሟ በሲኞራዋ ስም ሥር ተጽፏል፤ ተመልሶ መድረስ ያለበት ቀን በጉልህ አለ። አነበብኩት። ከዚያ የመለዋወጫ ቁልፎች የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከቁልፎቹ ሥር ከተትኩት።

ለእሷው ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። የዋህ ሰው፣ አንድ ጨፋሪ ቀልቧን ገፍፏት ድምፅዋን ልታባክን፤ እኔ ላድናት። ክፉ ስሠራ ሁልጊዜ ደግነት ነው የሚታየኝ። ዘጠኝ ቀን እዚያ ተቀመጠ። እሷ በየቀኑ ትወርዳለች። ልትጠይቀኝ አትችልም፤ ኩርፊያ አለ። የሲኞራዋን ሳጥን ትከፍትና በአንድ ዓይኗ ስለማይታያት እጇን አስገብታ እስከ ጀርባው ድረስ ትዳብሳለች። ማዕዘኖቹን ሳይቀር። ከዚያ ትዘጋዋለች። እኔ መስታወት ውስጥ ሆኜ ጋዜጣ እገልጣለሁ። ማንበብ መቻሌ የጠቀመኝ ለዚህ ነበር፤ ለማስመሰል።

በዘጠነኛው ቀን ከሳጥኑ አንድ ወረቀት አወጣች። ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የሲኞራዋ ልጅ፣ እሷው ያሳደገችው፣ ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ አስቆመችውና ምን ይላል አለችው። ሳይቆም "ምንም፣ የፒሳ ማስታወቂያ ነው" ብሏት ወጣ። ወረቀቱን ሳያይ ነው የመለሰላት። እሷም አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። አላመነችውም፤ የምታስነብበው ሌላ ሰው ፍለጋ ነው።

ያቺ የታጠፈች ወረቀት የት እንደወሰደችኝ ልንገራችሁ። ሰላም ፓላስ በሚሉት፣ ስደተኛ በሞላበት ሕንፃ በምኖርበት ጊዜ፣ ፊደል ሳልቆጥር፣ ከአገር ቤት በሰው እጅ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ከእህቴ። የክፍል ጓደኛዬ አነበበልኝ። ሁሉም ደህና ነው፣ እናትህ ሰላም ትልሃለች አለኝ። ደስ አለኝና ደብዳቤውን ደረት ኪሴ ያዝኩት። በሳምንቱ እንደገና መስማት አማረኝ፤ ጎረቤት አስነበብኩ። እሱ ደግሞ እናትህ በግ ገዝታለች አለኝ። ይህን የመጀመሪያው ዘሎታል ብዬ ታዘብኩት። ሦስተኛ ሰው አስነበብኩ፤ በጓ ወልዳለች አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ ኪሴ ውስጥ በግ ሲረባ ከረመ። ደብዳቤው የሚለው እናቴ መሞቷን ነበር፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በወጉ ያርዳው ይል ነበር። መርዶ እንደምታውቁት በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገር። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ በማለዳ የሌለ ሰው እንጂ ያለ ሰው የለም፤ ሁሉም ሥራ ይሮጣል። የእናቴ ሞት ቀጠሮ ታጣለት። እሷ ከሞተች በኋላ ነው በግ የገዛችው። ሰዎቹን አልወቅሳቸውም፤ ደጎች ነበሩ። ምድር ቤቱ አግዳሚ ላይ ሄጄ የተቀመጥኩት ግን ከእነሱ ደግነት ለመዳን ነው።

መሳቢያውን ከፈትኩ። አሳንሰሩን ስትጠብቅ ደረስኩባት።

"አቴ፣ ፖስታሽ ነው" አልኳት። "ዘጠኝ ቀን እኔ ጋ ነበር። አልጠፋም፤ ደብቄው ነው።"

ፖስታውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። አሳንሰሩ መጣ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ባዶውን ሄደ።

"ስንት ቀን ቀረው?" አለች።

"ሁለት። ሐሙስ ያልቃል።"

"እስክሪብቶ አለህ?"

መስታወት ክፍሌ ገባን፤ ወንበሬን ሰጠኋት። ከፈትኩት። ወረቀቱ የጠረጴዛዬን ግማሽ ያህላል፤ ስም በስም ላይ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንዲት ትንሽ ሞላላ ክብ። ክቧን የምታጠቁርለት ሰው ነው የተመረጠው። አቴ ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው፤ ለእሷ ዝንብ የሰፈረበት አንሶላ ነው። መልሳ ወደ እኔ ገፋችው።

"ጓደኞችሽን ለምን አታስነብቢም?" አልኳት።

"ሁሉም ይወዱታል፤ ግን ሁሉም የራሳቸው ሌላ ዕጩ ደግሞ አላቸው። ለእኔ ብለው ይጨምሩልኛል። አንተ ትጠላዋለህ፤ አንተ አትሳሳተውም።"

መመሪያውን አነበብኩላት። እስከ አሥራ ሁለት ሰው መምረጥ እንደምትችል ነገርኳት።

"አንድ ይበቃኛል" አለች።

አገኘሁት። ቁጥሩም ስሙም አለ፤ በቅንፍ የፊልም ስሙም ተጨምሯል፤ ሕዝቡ እንዳይሳሳት። እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ከእሱ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የአንዲት ሴት ስም አለ። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ቢያንስ የፊልም ስም የላትም። እጄን የአንዲት ጣት ስፋት ያህል ዝቅ ባደርግ ነው። አቴ አታይም። ማንም አያይም። ሰውዬው ዘፍኖ፣ በአንድ ዓይኑ አልቅሶ፣ የማይሠራውን ሆስፒታል ሸጦላታል፤ ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። የሚያውቅ ሰው ለማያውቅ ሰው ቢያስብለት ምን አለበት? በግ ብገዛላትስ?

"አጠቆርከው?" አለች።

"ቆይ።"

አጠቆርኩት። የእሱን። ከመስመሩ ሳልወጣ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር፣ መምህርቷ ያዩኝ ይመስል። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም፤ ያውም ለዚያ ሰነፍ ሰው።

"አሳየኝ" አለች። ጣቷን ይዤ ወሰድኳት፤ ቀለሙ ገና ርጥብ ነበር። ቀስ ብላ ነካችው፣ ጣቷን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋችና ጥቁሩን ነጥብ አየችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ፊርማዋን ራሷ ፈረመች፣ ሙጫውን ራሷ ላሰች። ሐሙስ ከሰዓት ኤምባሲው ድረስ አብሬያት ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አተኩሮ አየኝ፤ ቪዲዮውን አይቶታል መሰለኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አርብ ጠዋት መስታወቴ ተንኳኳ። ኬክ ነበር። ደርቋል።

ተዋናዩ አሸነፈ፤ እንዴት ይሸነፋል። በሐምሌ አቴ ሄደች። ሲኞራዋ ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዳ ስለነበር ሻንጣዋን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ታክሲው ሲቆም ጎንበስ ብዬ እጇን ያዝኩና ግንባሬ ላይ አደረግሁት። በእኛ ወግ ልትነጥቀኝ ይገባት ነበር። አልነጠቀችኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

አሁንም በስልክ ድምፅዋን ትልክልኛለች። ሆስፒታሉ እስካሁን የለም፤ መሠረት ድንጋዩ ላይ ዘፍኗል አሉ። ዓይኗን ያሠራችላት ልጅቷ ናት፤ በወረፋ፣ እንደ ማንም ሰው። በዚያ በጠራ ዓይኗ ደግሞ ምን አየች ብትሉ፣ ሴናተሩ ምክር ቤት ውስጥ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ከፍቶ ሲተኛ የተነሳውን ቪዲዮ። አይቼ የላኩላት እኔ ነኝ፤ ምንም ሳልጽፍበት። መልሷ በማግስቱ መጣ። "ደክሞት ነው" ትላለች። "አሁንም ፊልም ይሠራል እኮ።"

ያንን ቪዲዮ ከስልኬ አላጠፋሁትም። አገሬ ሳለሁ መርጬ አላውቅም፤ በጊዜው ስም ጽፎ የሚፈርም ሰው አልነበርኩም፤ ሌሎች መርጠውልኛል። ጣሊያን ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ታድስልኛለች እንጂ ድምፅህን አምጣ ብላኝ አታውቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬ በእጄ ያጠቆርኳት ክብ ያቺ አንዲት ብቻ ናት። ስለዚህ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ሲያንኮራፋ ሳየው እንደማንኛውም መራጭ እናደዳለሁ። መብቴ ነው።